የ500 ዋት ኢንቨርተር የሥራ ማስታወሻ፦ ሰርኪዩቱን የሚወስነው መርካቶ ነው

መስከረም አጋማሽ

የምፈልገው ነገር ቀላል ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ፣ ዋይፋዩ፣ ቴሌቪዥኑና ጥቂት አምፖሎች እንዳይቆሙ። 500 ዋት ይበቃኛል። ከባትሪ ተነስቶ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ንጹህ ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሆኖ የሚወጣና የሚወርድ ሞገድ) የሚሰጥ ኢንቨርተር ማለት ነው።

ርካሾቹ የሱቅ ኢንቨርተሮች የሚሰጡት ሞገድ ሳይን አይደለም። ደረጃ ደረጃ የተቆረጠ ነው። የስልክ ቻርጀርና አምፖል ይህን አይለዩትም። የፍሪጅ ሞተር ግን ይለየዋል። ያጉረመርማል፣ ያለ ቅጥ ይሞቃል። ንጹህ ሳይን የሚሰጡት ደግሞ ዋጋቸው አይቀመስም። ስለዚህ ልሠራው ነው።

ሐሳቡን ቤት ውስጥ ሳነሳ የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምጣዱንስ ይችላል?» የሚል ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይጎትታል። በ24 ቮልት ባትሪ ሲሰላ ከ145 አምፔር በላይ ነው። አይችልም። እንጀራ መብራት ባለበት ቀን ይጋገራል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው የባትሪውን ቮልት በትንሽ የፌራይት (ጥቁር ሴራሚክ መሰል ማግኔታዊ ኮር) ትራንስፎርመር ወደ 350 ወይም 400 ቮልት ዲሲ ከፍ አድርጎ ከዚያ ሳይኑን መቅረጽ ነው። ትንሽና ቀላል ማሽን ይወጣዋል። ሁለተኛው ሳይኑን እዚያው ባትሪው ቮልት ላይ ቀርጾ በብረት ትራንስፎርመር ወደ 220 ማሳደግ ነው። ይከብዳል፣ ቦታ ይይዛል፣ ግን ቻይ ነው።

ወረቀት ላይ ብቻ ቢሆን የመጀመሪያውን እመርጥ ነበር። መርካቶ ውስጥ የፌራይት ኮር ስጠይቅ ግን የቀረበልኝ ምንም ያልተጻፈበት ጥቁር ነገር ነው። በስንት ቴስላ እንደሚጠግብ (ተጨማሪ ማግኔት መያዝ እንደሚያቅተው)፣ በስንት ኪሎ ኸርዝ መሞቅ እንደሚጀምር የሚነግረኝ የለም። የብረት ትራንስፎርመር ግን በየሞተው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር እንዳይጠፋ የሚያቆየው ሣጥን) ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

መስከረም መጨረሻ፣ ትራንስፎርመር

መርካቶ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ያረጀ ዩፒኤስ ሞልቷል። ችግሩ ሻጩ ዕቃውን የሚያየው እንደ መዳብ መሆኑ ነው። አንስቶ ይመዝነውና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ውስጡ ሙሉ መዳብ ነው» ይላል። ዋጋውም በኪሎ ይወጣል። እኔ የምፈልገው ስንት ቮልት እንደሚያወጣ ነው። እሱ የሚያውቀው ስንት ኪሎ እንደሚያወጣ ነው። ተግባብተን አናውቅም።

ደግሞ ሁሉም መዳብ አይደለም። ርካሽ ዩፒኤሶች ውስጥ የአሉሚኒየም ሽቦ የተጠመጠመባቸው ትራንስፎርመሮች አሉ። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም ቀይ ቡናማ ቫርኒሽ ተቀብተዋል፤ በዓይን አይለዩም። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በዚያው ውፍረት ከመዳብ 1.6 እጥፍ ገደማ ይቃወማል፤ በ40 አምፔር ላይ ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ዕቃው ሲፋቅበት ደስ የሚለው ሻጭ የለም። እምቢ ያለኝን ሰው ትቼ ወደ ቀጣዩ ነው የሄድኩት።

በመጨረሻ በሁለት ባትሪ፣ ማለትም በ24 ቮልት ይሠራ ከነበረ 1500 ቪኤ ዩፒኤስ የወጣ አንድ አገኘሁ። መዳብ ነው። ወፍራሞቹ ጫፎች ሁለት ብቻ ናቸው። በ220 በኩል ግን ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጡለታል፤ ዩፒኤሱ እንደ ስታቢላይዘርም ይሠራ ስለነበር ነው። የትኛው የየት እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ የለም።

እንዲህ ያለውን ለመለየት 220 ቮልቱን በ100 ሻማ አምፖል በኩል አሳልፎ መስጠት ነው። ጫፎቹ ቢሳሳቱ እንኳ አምፖሉ ይበራል እንጂ ምንም አይቃጠልም። አምፖሉ የድሮው ክር ያለው መሆን አለበት፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። የሚያስቀው ነገር፣ ያ አምፖል ራሱ አሁን ተፈልጎ የሚገኝ ዕቃ ሆኗል። የሰፈር ሱቅ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ፣ አቧራው ሳይነካ አገኘሁት።

ውጤቱ ይሄ ነው። 220 ቮልቱን የ220 ሽቦ ላይ ስሰጠው በወፍራሙ በኩል 15.5 ቮልት ይወጣል። ይሄ አይመችም። ሁለቱ ባትሪዎች ሲዳከሙ 21 ቮልት ይደርሳሉ። የ15.5 ቮልት ሳይን ጫፉ ደግሞ 21.9 ነው። ባትሪው ሲደክም የሞገዱ አናት ይቆረጣል ማለት ነው። መፍትሔው ከዚያው ትራንስፎርመር ተገኘ። ለ260 ቮልት የተሠራ ሌላ ሽቦ አለው። ውጤቱን ከዚያ ብወስድ 220 ለማግኘት ከታች የሚያስፈልገኝ 13.1 ቮልት ብቻ ነው። ጫፉ 18.5። ከ21 በታች በቂ ቦታ ይተርፋል። ለ500 ዋት 38 አምፔር ገደማ ይፈሳል።

ስለዚህ ማሽኑ 24 ቮልት ይሁን ብዬ እኔ አልወሰንኩም። ትራንስፎርመሩ ወሰነው።

ጥቅምት፣ ሞስፌት

ከሁሉም የመረረኝ ይሄ ነው።

የባትሪውን ቮልት እየቆረጡ ሳይኑን የሚቀርጹት ሞስፌቶች ናቸው፤ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትራንዚስተሮች። የሚደረደሩበት ቅርጽ ድልድይ ይባላል። ድልድዩ አራት ማዕዘን አለው። በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት ሞስፌት ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ ስምንት። ዲዛይኔ አይአርኤፍ 3205 ላይ ቆሟል። 55 ቮልት ይችላል፤ ባትሪዬ ሲሞላ ከ28.8 አያልፍም። ሲበራ ያለው ተቃውሞ ከ8 ሚሊ ኦህም አይበልጥም። የፋብሪካው መግለጫ፣ ዳታ ሺቱ፣ 110 አምፔር ይላል፤ ግን እዚያው ግርጌ ላይ እግሮቹ የሚችሉት 75 ነው ብሎ ይጽፋል። ይህን የግርጌ ጽሑፍ የማያነብ ሰው ነው «200 አምፔር ነው» እየተባለ በሦስት ቀጫጭን እግር የቆመ ነገር የሚገዛው።

መጀመሪያ ነገር፣ በቁጥር መጠየቅ አይሠራም። ሻጮቹ ዕቃውን የሚያውቁት በወጣበት ማሽን ነው። «የዩፒኤስ ትራንዚስተር»፣ «የአምፕ»፣ «የብየዳ ማሽን»። ቁጥሩን ጽፌ ስሰጥ አንዱ አንብቦ ሌላ ቁጥር ያለው አወጣልኝ። «እሱ የለም፤ ይሄ ግን ያው ነው፣ እግሩ አንድ ነው።» እግሩማ አንድ ነው። ቲኦ-220 የሚባለው ቅርጽ ውስጥ ሬጉሌተርም ይገባል፣ ዳዮድም ይገባል።

ቴሌግራም ላይ ዕቃ የሚለጥፍ አንድ ሱቅ አገኘሁ። ቁጥሩ ትክክል፣ ፎቶውም ጥርት ያለ። ሄድኩ።

«ኦርጂናል ነው?»

«ኦርጂናል ኮፒ ነው፣ አታስብ።»

አሰብኩ፤ ግን ገዛሁ። ቤት ገብቼ መለካት ጀመርኩ።

ሞስፌት ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ የመኪና ባትሪ፣ አንድ 12 ቮልት 55 ዋት የመኪና ፊት መብራት፣ አንድ 9 ቮልት ባትሪና ቴስተር ይበቃል። ሞስፌት ሦስት እግር አለው፤ ጌት መቆጣጠሪያው ነው፣ ድሬንና ሶርስ አምፔሩ የሚያልፍባቸው ናቸው። 9 ቮልቱ በጌትና በሶርስ መካከል ይገባል፤ ሞስፌቱን ይከፍተዋል። መብራቱ ከድሬን ጋር በተከታታይ ይያያዛል። 4.6 አምፔር ገደማ ይፈሳል። ከዚያ በድሬንና በሶርስ እግሮች መካከል ሚሊ ቮልቱን መለካት ነው። መለኪያው እግሮቹ ሥር፣ ፕላስቲኩ አጠገብ ይነካ፤ ራቅ ካለ የሽቦውንም ተቃውሞ ይቆጥራል። 8 ሚሊ ኦህም ቢሆን 37 ሚሊ ቮልት ነው። ደህናው ዕቃ ከዚያ በታች ማሳየት አለበት።

የገዛኋቸው 140 ገደማ አሳዩ። 30 ሚሊ ኦህም። አንዱ ብቻ ቢሆን ብልሽት ነው እላለሁ። ሁሉም እንዲያ ናቸው።

በሁለተኛ መንገድም አረጋገጥኩ። የጌቱን ቻርጅ የመያዝ አቅም በትንሿ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መለኪያ ለካሁ። ዳታ ሺቱ 3247 ፒኮ ፋራድ ይላል፤ ያ ግን ድሬኑ ላይ 25 ቮልት ሲኖር ነው። የኔ መለኪያ ያለ ቮልት ስለሚለካ ከዚያ የበለጠ መምጣት ነበረበት እንጂ ያነሰ አይደለም። የመጣው ግማሹን እንኳ አይሞላም። አንዱን በመዶሻ ሰበርኩት። ውስጡ ያለችው የሲሊኮን ቁራጭ ሚጢጢ ናት። ሌላ ደካማ ትራንዚስተር ላይ የትልቁን ስም አትመውበት ነው።

ሒሳቡ ምን ይላል? 38 አምፔሩ ለሁለት ሞስፌት ሲካፈል 19 ነው። በ19 አምፔር፣ 8 ሚሊ ኦህም ቢሆን የበራው ሞስፌት 2.9 ዋት ያጠፋል። 30 ከሆነ ወደ 11 ዋት። ሲሞቅ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ሲጨምር ይሞቃል። አንዱ ሲሄድ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል።

የሚያናድደኝ ዕቃው አለመኖሩ አይደለም። የሌለ ነገር ካለህበት አያንቀሳቅስህም፤ ሌላ መንገድ ትፈልጋለህ። በስሙ ሌላ ነገር ሲሸጥልህ ግን ዲዛይንህን ራሱን መጠርጠር ትጀምራለህ። ሰርኪዩቱ ነው ወይስ ዕቃው? ጀማሪ ቢሆን ኖሮ «ስሌቴ ስህተት ነው» ብሎ ትቶት ይሄድ ነበር። መልሼ ወሰድኳቸው። ሻጩ ሚሊ ቮልቱን ሳሳየው አልተከራከረም። «እኛም እንደመጣልን ነው የምንሸጠው» አለ። አምነዋለሁ። በካርቶን የሚመጣለትን ከፍቶ የሚለካበት ምክንያት የለውም።

ወደ ምናለሽ ተራ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ የፈለግሁት ትራንስፎርመራቸው የተሸጠ ባዶ የዩፒኤስ ቦርዶች ነው። መዳብ ስለሌላቸው ርካሽ ናቸው። አብዛኛው ዩፒኤስ የሚሞተው ባትሪው ሲያልቅ ነው፤ ሞስፌቱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ሁለት ዓይነት ቦርድ ላይ አይአርኤፍ 3205 አገኘሁ። አንድ በአንድ ነቅዬ ፈተንኩ። 29፣ 31፣ 30 ሚሊ ቮልት። ለካስ ትክክለኛው እንዲህ ነው የሚያሳየው። ያገለገለው ከአዲሱ በለጠ። ቁጥሩ የተቀራረበውን ስምንቱን መረጥኩ፤ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሞስፌቶች ቢመሳሰሉ ጭነቱን እኩል ይካፈላሉ።

ጥቅምት መጨረሻ

ካፓሲተር። ያው ታሪክ ስለሆነ አሳጥረዋለሁ። 4700 ማይክሮ ፋራድ፣ 50 ቮልት የተጻፈበት አዲስ ካፓሲተር በእጅ ሲያዝ ቀላል ነው። ስለካው 3000ን ብዙም አያልፍም። ዩፒኤስ ውስጥ ያሉት አሮጌዎቹ ደግሞ ደርቀዋል። ኢንቨርተር ባትሪውን የሚስበው ወጥ ሆኖ አይደለም። በሰከንድ 100 ጊዜ እየተነሳና እየወደቀ ነው። ያን የሚሸከመው ካፓሲተሩ ስለሆነ ደካማ ከሆነ ይፈላል። ለጊዜው ከወደቀ የመኪና አምፕሊፋየር የወጡ፣ የታወቀ ስም ያላቸው 63 ቮልት ካፓሲተሮችን ደርድሬያለሁ።

በ220 በኩል የሚያስፈልገው ካፓሲተር ግን በአንድ ቃል ተገኘ። የቬንቲሌተርና የውኃ ፓምፕ ካፓሲተር፣ 450 ቮልት ኤሲ፣ የትም አለ። በዚህ ሁሉ ፍለጋ ውስጥ «አለ?» «አለ» ተባብለን የተለያየንበት ብቸኛ ዕቃ።

ኅዳር

ሳይኑን የሚቀርጸው ኢጂኤስ 002 የምትባል ትንሽ ካርድ ናት። ላይዋ ኢጂ 8010 የሚባል ቺፕና ሁለት አይአር 2110 ድራይቨሮች (የሞስፌቶቹን ጌት የሚነዱ ቺፖች) አሉ። ቺፑ በ12 ሜጋ ኸርዝ ክሪስታል ይሠራል፤ በ23.4 ኪሎ ኸርዝ ሞስፌቶቹን እየከፈተና እየዘጋ 50 ኸርዝ ሳይን ይስላል። ሲነሳ ቀስ ብሎ ይነሳል። ውጤቱን ራሱ እየለካ ያስተካክላል። ብልሽት ሲያይ በኤልኢዲ ብልጭታ ይናገራል፤ ሁለት ብልጭታ ከሆነ አምፔር በዛ፣ ሦስት ከሆነ ቮልት በዛ፣ አራት ከሆነ ቮልት አነሰ፣ አምስት ከሆነ ሙቀት ነው። ውጭ አገር የጥቂት ዶላር ዕቃ ናት። እዚህ የለችም።

አማራጭ አየሁ። አርዱዪኖ የሚባለውን፣ በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ፣ ተማሪዎች ለመመረቂያ ፕሮጀክት ስለሚገዙት በየሱቁ አለ። ሳይኑን እሱ መሳል ይችላል። ግን አርዱዪኖ የላይኛውን ሞስፌት ጌት በቀጥታ መንዳት አይችልም፤ ድራይቨር ይፈልጋል። ድራይቨሩ ደግሞ የለም። አእምሮው በየሱቁ ይሸጣል፤ ጡንቻው የለም። የተማሪዎቹ ፕሮጀክቶች ለምን ኤልኢዲ በማብራት እንደሚያልቁ አሁን ነው የገባኝ።

ከውጭ ለማዘዝ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያስፈልጋል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 በዋዜማው 58 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ከ74 አለፈ፤ ከዚያም አልቆመም። ነጋዴውን አልፈርድበትም። ገንዘቡን በፍጥነት በሚዞር የስልክ ቻርጀርና ኬብል ላይ ነው የሚያውለው። ለእኔና ለመሰሎቼ ብሎ አይአር 2110 አያስመጣም።

የቀረው መንገድ የሁላችንም መንገድ ነው። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለገና ትመጣለች። «አንቺዬ፣ ክብደት የላትም፣ የክብሪት ቀፎ ታህል ነው» ብዬ ለመንኳት። ሦስት ካርድ፣ ጥቂት መለዋወጫ ድራይቨሮችና ከታወቀ አከፋፋይ የተገዙ ካፓሲተሮች። ለምን ሦስት ካርድ? አንዷ ብትቃጠል ቀጣዩ ገና ሩቅ ስለሆነ።

ታኅሣሥ፣ ሶማሌ ተራ

ካርዷ እስክትመጣ የወፍራሙን ጎን ሥራ ጀመርኩ። 24 ቮልት መሆኑ እዚህ ላይ በረከት ሆነ። የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሙሉው የኔ መጋዘን ሆነ ማለት ይቻላል። ፊውዝ፣ ማቋረጫ፣ ሪሌይ፣ የባትሪ ገመድ፣ የሲኖትራክ የፊት አምፖል። አምፖሉን ለመጀመሪያ ሙከራ እፈልገዋለሁ፤ ባትሪውና ድልድዩ መካከል ይገባል። የሆነ ነገር ሾርት ቢያደርግ አምፖሉ ይበራል እንጂ ሞስፌቱ አይፈነዳም።

ገመድ ላይ ግን ጥንቃቄ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገመድ ገበያው ላይ በብዛት አለ። አንዷን ክር በቢላ ፍቆ ማየት ነው። ልማዱ ከትራንስፎርመሩ ጊዜ ጀምሮ አለኝ፤ አሁን ምላጭ ይዤ ነው የምዞረው።

ከዚያ የቾክ ጥያቄ። የ23.4 ኪሎ ኸርዙን ጭረት ከሳይኑ ላይ የሚያጠራ ጥምጥም በድልድዩና በትራንስፎርመሩ መካከል ያስፈልጋል። ወደ 30 ማይክሮ ሄንሪ፣ ያውም 58 አምፔር ጫፍ ላይ ሳይጠግብ። እንዲህ ያለ ዕቃ ተሠርቶ አይሸጥም። የሞቱ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይዎች ውስጥ ግን ቢጫ ቀለም ያለው፣ አንድ ጎኑ ነጭ የሆነ ቀለበት አለ። የብረት ዱቄት ኮር ነው። ቀለሙ ዓይነቱን ስለሚናገር፣ ቢያንስ ምን እንደያዝኩ አውቃለሁ። አንዱ ብቻውን በዚህ አምፔር ይጠግባል። አምስቱን ደራርቤ በኢፖክሲ አጣበቅኩና በናስትሮ ጠቀለልኳቸው።

ሽቦውን ያገኘሁት የተቃጠለ ሞተር ከሚጠመጥሙ ልጆች ነው። በኪሎ ይሸጣሉ። ወፍራም አልነበራቸውም፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው ያለው። ስድስቱን አንድ ላይ ይዤ ስምንት ዙር ጠመጠምኩ። ስድስት ክር ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ለመታጠፍም ይመቻል። ልጁ ሲያየው «ይሄ የምን ሞተር ነው?» አለኝ። ሞተር እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። «እሺ፣ ግን ሲሠራ አምጥተህ አሳየን» ብሎ ሻይ ጋበዘኝ። ከሁሉም ሻጮች ውስጥ ሲሠራ ማየት የፈለገው እሱ ብቻ ነው።

12 ቮልቱን ለካርዷ የሚሰጥ ትንሽ ሞጁልም ገዝቼ ነበር፤ ኤልኤም 2596 የተጻፈበት። በተዋስኩት ኦሲሎስኮፕ አየሁት። 150 ኪሎ ኸርዝ መሥራት ሲገባው 60 አካባቢ ይሠራል። የታወቀ ማጭበርበር ነው፤ የሌላ ቺፕ ላይ ስሙን አትመውበታል። ተውኩት። ካርዷ የምትፈልገው ከ0.1 አምፔር ያነሰ ስለሆነ ቮልቱን 12 ላይ የሚያረጋ ተራ 7812 ሬጉሌተር ሙቀት ማብረጃ ላይ አስሬ ጨረስኩ። ትንሽ ያባክናል። ግን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ጥር

ዕቃው ገባ። የአክስቴ ልጅ ፍተሻ ላይ «ይሄ ምንድነው?» ተብላ ኖሯል። «የፍሪጅ ዕቃ ነው» ብላ አለፈች። አልተሳሳተችም።

በባትሪውና በድልድዩ መካከል የሲኖትራኩን አምፖል አድርጌ አበራሁ። አምፖሉ ለቅጽበት ቦግ አለና ጠፋ። ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ ነው። ከዚያ ትራንስፎርመሩ ቀስ እያለ ማጉረምረም ጀመረ፣ ቴስተሩ ወደ ላይ ወጣ፣ 220 አካባቢ ቆመ። ኦሲሎስኮፑ ላይ ያማረ ሳይን። አንድ የ100 ሻማ አምፖል ሰካሁ፤ ያው የላይኛው መደርደሪያ አምፖል። በራ።

ሁለት ማስተካከያ ብቻ። አንደኛ፣ አንዱ ሞስፌት ሳይዘጋ ተቃራኒው እንዳይከፈት የሚጠብቀውን ክፍተት ከፍ አደረግኩት። ቺፑ 300 ናኖ ሰከንድ፣ 500፣ 1 ማይክሮ ሰከንድና 1.5 ይሰጣል። ሁለት ሁለት ሞስፌት ስለሆኑ ቀርፋፋ ናቸው፤ 1 ማይክሮ ሰከንድ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለተኛ፣ ወደ ጌቶቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች አሳጥሬ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ገመድኳቸው፤ በየጌቱ ላይ 10 ኪሎ ኦህም ተቃዋሚ ወደ ሶርስ አሰርኩ።

የካቲት፣ ፍሪጅ

ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይ፣ አምፖል፣ ላፕቶፕ ያለ ችግር። ፍሪጁ ተሰካ። ሁለት ብልጭታ። ጠፋ።

ፍሪጁ ሲሠራ 150 ዋት ነው። ሲነሳ ግን ለቅጽበት 5 አምፔር ገደማ ይጎትታል። ያ በወፍራሙ በኩል ከ80 አምፔር ያልፋል። ቺፑ አምፔር በዛ የሚለው መለኪያው ላይ 0.5 ቮልት ሲደርስ ነው። እኔ ያገኘሁት ሻንት (አምፔር ሲያልፍበት ትንሽ ቮልት የሚያሳይ ተቃዋሚ) የአምፔር ሜትር ነው፤ በ100 አምፔር 75 ሚሊ ቮልት የሚሰጥ። በመካከል ኤልኤም 358 የሚባል ማጉያ ቺፕ አድርጌ ወደ ሰባት እጥፍ ገደማ አሳድጌዋለሁ። አሁን ከኋላው አንድ ተቃዋሚና ካፓሲተር ጨምሬ ለአጭር ጉልበት ዓይኑን እንዲጨፍን አደረግኩ። እውነተኛ ሾርት ሲመጣ ደግሞ የባትሪው ፊውዝ አለ።

እንደገና። አራት ብልጭታ። ቮልት አነሰ።

ይሄ ዕድገት ነው፤ ቢያንስ ቁጥሩ ተቀየረ። ፍሪጁ ሲነሳ ቴስተሩን መጀመሪያ ባትሪው ጫፍ ላይ፣ ቀጥሎ ቦርዱ ላይ አደረግኩ። በሁለቱ መካከል ከአንድ ቮልት በላይ ይጠፋል። ገመዱ መዳብ ነው፤ ፍቄ ነው የገዛሁት። የገመዱ ጫፍ ላይ የተጨመቁት ቀለበቶች ናቸው። ሲላጡ ስስ ላሜራ መዳብ የተቀባ ሆነው ተገኙ። እነሱን መፋቅ አላሰብኩም፣ ማን ያስባል? ከአሮጌ የመኪና ገመድ ላይ ወፍራሞቹን አውጥቼ በደንብ አስጨምቄ፣ በሊድ ሞልቼ መለስኩ።

ፍሪጁ ተነሳ። አምፖሉ ለቅጽበት ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ። አንድ ሰዓት ካሠራሁት በኋላ የሞስፌቶቹ ማብረጃ በእጅ ይያዛል። ቬንቲሌተሩን ቺፑ ራሱ በ45 ዲግሪ አስነስቶ በ40 ያጠፋዋል።

አሁን ያለው

ምንም ሳይሰካበት 1.1 አምፔር ይበላል። 27 ዋት ገደማ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ራሱ የሚበላው። ባትሪዎቼ ሁለት 100 አምፔር ሰዓት ናቸው፤ ግማሹን ብቻ ብጠቀም 1200 ዋት ሰዓት። ሌሊቱን ሙሉ በባዶው ቢቆም የዚህ ሩብ ያህሉ ያልቃል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ብቻ የሚነሳ፣ ሲመጣ የሚያርፍ መቀየሪያ ያስፈልገዋል። መቀየሪያው ሌላም ሥራ አለው። የኢንቨርተሩ 220 ወደ ውጭው መስመር ፈጽሞ መውጣት የለበትም። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ አለ። ሁለቱ ምንጮች በምንም ዓይነት አንድ ላይ እንዳይገናኙ የሚያደርግ፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው የሚከፈት ሪሌይ መሆን አለበት።

30 አምፔር የተጻፈበት ሪሌይ ገዝቼ ከፈትኩት። ውስጡ ያለው መገናኛ የምስር ፍሬ አይሞላም። አሁን የሞቱ ስታቢላይዘሮችን እያየሁ ነው፤ እነሱ ውስጥ ያለው ሪሌይ ጠንከር ያለ ነው። ሰኞ ምናለሽ ተራ እሄዳለሁ። ምላጭም፣ ቴስተርም ይዤ።